ጠጠር ነው አሸዋ?

ታላቅ እህቴ ዱባይ በሰው ቤት ትሠራለች። ባለፈው ክረምት ስትደውል ድምጿ ደስ አላለኝም። “ማዳም የጨው ውኃ አኳሪየሟን የሚያጸዱ እንስሳት መርጠሽ ግዢ አለችኝ። ከሞቱ ከደመወዜ ነው የሚቆረጠው፤ እስቲ አንብብልኝ” አለች።

ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ። አሸዋ የሚያገላብጥ የባሕር ኮከብና ናሳሪየስ የሚባል ቀንድ አውጣ ተመስግነው አገኘሁ። ልነግራት ስል ክፍል ውስጥ ሁሌ የምንባለው ትዝ አለኝ፤ ከመጻፍህ በፊት ጠይቅ።

“እትዬ፣ ከሥሩ ያለው ጠጠር ነው አሸዋ?”

“ጠጠር ነው፤ ሽምብራ ሽምብራ የሚያህል።”

ክው አልኩ። ሁለቱም አሸዋ ውስጥ ተቀብረው የሚኖሩ ናቸው፤ ጠጠር አይሆናቸውም። የባሕር ኮከቡማ በረሃብ ያልቃል።

ስለዚህ ለመስተዋቱና ለድንጋዩ አልጌ ትሮከስ የተባለውን ቀንድ አውጣ፣ ለምግብ ትርፍራፊው ደግሞ በሰው ቅርፊት የሚኖሩትን ትንንሽ ሸርጣኖች መረጥን። ሸርጣኖቹ ቅርፊት ፍለጋ ቀንድ አውጣውን እንዳይገድሉ ትርፍ ባዶ ቅርፊቶች ጨመረች። ጠጠሩ መሐል የሚገባውን ቆሻሻ ግን የትኛውም እንስሳ አይጨርሰውም፤ እሷው በጎማ እየሳበች ታወጣዋለች።

ደመወዟ አልተነካም። እኔም ለካ አንዲት ያልተጠየቀች ጥያቄ የሰው እንጀራ ልትነካ ትችላለች አልኩ።