«ፎርማት ላድርገው?» ስትባሉ ቶሎ እሺ አትበሉ!

መቼም የዘንድሮ ሰው ዘፈን የሚሰማው በሞባይሉ ነው። ይሁንና በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የተረሳች አንዲት ኤምፒስሪ ማጫወቻ አትጠፋም። የእኔዋ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አትበልጥም። «ጥለህ ሌላ ግዛ» እንዳትሉኝ! በውስጧ ያለው ዘፈን ብቻ አይደለማ። በ2002 ዓ.ም. ለፋሲካ አገር ቤት ስወርድ አያቴ የመረቀችኝን ምርቃት ቀድቼባታለሁ። አያቴ ዛሬ በሕይወት የለችም። ድምጿ የቀረው እዚያች ዕቃ ላይ ብቻ ነበር።

ታዲያላችሁ፣ የእህቴ ልጅ ከኮምፒውተር ዘፈን እየገለበጠባት ሳለ መብራት ድርግም! ከዚያች ቀን ወዲያ ኮምፒውተሩ ማንበብ እምቢ አለ። ይዣት ወደ ኮምፒውተር ቤት ሄድኩ። ባለሙያው በራሱ ገመድ ሲሰካት ባትሪዋ ይሞላል፤ ኮምፒውተሩ ግን ጭጭ። «ሞታለች» አለኝ። «ወንድሜ፣ እስቲ በእኔ ገመድ ሞክራት» ስለው ብቅ አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተለመደው የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ሁለቱ ኤሌክትሪክ፣ ሁለቱ መረጃ ያመላልሳሉ። አንዳንዱ ርካሽ ገመድ ግን የኤሌክትሪኩን ብቻ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ቻርጅ አደረገ ማለት ገመዱ ደህና ነው ማለት አይደለም። በመጀመሪያ ገመድ ቀይሩ፤ ቀጥሎ መሰኪያውን ቀይሩ፤ ከዚያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩ። ሰው ሳይሞት አይለቀስም!

ብቅ ብትልም መከራው አላለቀም። ኮምፒውተሩ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ጠየቀ። ባለሙያው ጣቱን ማውዙ ላይ አድርጎ «አንዴ ፎርማት ስናደርጋት ትነሳለች» አለኝ። እሷስ ትነሳ ይሆናል፤ አያቴ ግን ሁለተኛ ልትሞት ነው! «ተው!» ብዬ እጁን ያዝኩት።

ለምን መሰላችሁ? ማጫወቻዋ የትኛው ፋይል የት እንደተቀመጠ የምትመዘግብበት ማውጫ አላት። በመገልበጥ ላይ ሳለች መብራት ሲጠፋ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ማውጫ ነው። የመጽሐፍ ማውጫው ተቀደደ እንጂ ገጾቹ አሉ እንደማለት ነው። ፈጣኑ ፎርማት አዲስ ባዶ ማውጫ ያስቀምጣል፤ ሙሉው ፎርማት ደግሞ ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ገጾቹንም ጭምር አጥቦ ይለቃቸዋል። ያኔ ለቅሶ ነው።

መፍትሔው ፎቶሬክ የሚባል በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነበር። ስሙ ፎቶ ይበል እንጂ የድምፅ ፋይልም ይፈልጋል። ማውጫውን ትቶ ገጾቹን አንድ በአንድ ያስሳል። ያገኘውን ግን እዚያው ማጫወቻዋ ላይ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጡ፤ አለበለዚያ የምትፈልጉትን በራሳችሁ እጅ ትደመስሱታላችሁ።

አንድ ጣጣ አለው፤ ፋይሎቹ ስማቸውን ጥለው በቁጥር ብቻ ይመጣሉ። ሁለት ሌሊት ሙሉ አንድ በአንድ ከፍቼ አዳመጥኩ። ዘፈን... ዘፈን... ደግሞ ዘፈን... ድንገት ዶሮ ጮኸ። ቀጥሎም «እደግ፣ ተመንደግ ልጄ!» የሚል የደከመ ድምፅ። እህቴን ቀስቅሼ አብረን ሰማን። ከዚያ በላይ አልነግራችሁም።

ፎርማቱ ከዚህ በኋላ ይድረስ። ብዙዎቹ ትንንሽ ማጫወቻዎች የሚገባቸው «ፋት 32» የሚባለው ዓይነት ስለሆነ እሱን ምረጡ። ገመዱንም ኮምፒውተሩ «አሁን ንቀል» ሳይላችሁ አትንቀሉ።

ማጫወቻችሁ ራሷ እየዘፈነች ኮምፒውተሩ ብቻ እምቢ ካለ ደግሞ ዘዴ አለ። በጆሮ ማዳመጫዋ ቀዳዳ ገመድ አውጥታችሁ በኮምፒውተሩ የድምፅ ማስገቢያ ቅዱት። ታላላቆቻችን ከካሴት ወደ ካሴት ይገለብጡ እንደነበረው መሆኑ ነው።

እናላችሁ ወዳጆቼ፣ የምትወዱትን ሰው ድምፅ ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። አያት ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ቅዱ፤ ዘፈኑ ሌላ ቦታ ይገኛል። ቸር ሰንብቱ!