ክሊራንስ ስትጨርሱ የጤና መድኑንም አስቡት

ወዳጆቼ፣ በተለይ ከጎረቤላ ተነስታችሁ ደብረ ብርሃን ፓርክና ፋብሪካ የገባችሁ የድሮ ተማሪዎቼ። ረዘም ያለ ነው፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ከአጎዋ ከታገደች ወዲህ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ "ቅነሳ" የሚለው ቃል ብርቅ አይደለም። ስራ የለቀቀ ወይም የተቀነሰ ልጅ ባገኘሁ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ "ብትታመምስ በምን ትታከማለህ?" አብዛኛው ይስቃል። በሃያ ሁለት ዓመት መታመም የሽማግሌ ስራ ይመስላል።

አንዷ ተማሪዬ ግን አልሳቀችም። (ስሟን አልጠቅስም፤ "ይጻፉት ቲቸር" ያለችኝ ግን ራሷ ናት።) 3 ዓመት ልብስ ስፌት ላይ ሰርታ በቅነሳ ወጣች። እስከዚያ ሲያማት የፋብሪካው ክሊኒክ ነበር፣ የመድኃኒቱም ወጪ በደረሰኝ ይመለስላት ነበር። ስራው ባበቃ ቀን ያም አበቃ። ሌላ ስራ አገኛለሁ ብላ የኪራይ ቤቷን ሳትለቅ ደብረ ብርሃን ቆየች። በሁለተኛው ወር ትርፍ አንጀት! የስንብት ክፍያዋ ለኦፕራሲዮኑና ለመድኃኒቱ ሄደ፤ የጎደለውን ወንድሟ በግ ሸጦ ሞላው። የሚያንገበግበው ምን መሰላችሁ? እናትና አባቷ የጤና መድን አባል ናቸው። ካርዱ ጎረቤላ፣ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። የእሷ ስም ግን የለበትም፤ 18 ዓመት ሞልቷት ደመወዝተኛ ስትሆን ከቤተሰቡ ዝርዝር ወጥታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አገራችን ሁለት ዓይነት የጤና መድን አስባለች። አንዱ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማህበረሰብ አቀፍ የሚባለው ነው፤ ከክልላችን ተሁለደሬ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩበት። ይሄ ለገበሬውና ደመወዝ ለሌለው ነው፣ መዋጮው በዓመት አንዴ በቤተሰብ ይከፈላል። ሌላው ለደመወዝተኛውና ለጡረተኛው የታሰበው ነው። አዋጅ 690/2002 ወጣለት፣ ከሰራተኛው 3 በመቶ፣ ከአሰሪው 3 በመቶ ተባለ። ያኔ ስታፍ ሩም ውስጥ "ደመወዛችን ሊቆረጥ ነው" እየተባለ ስንት ሻይ ቀዘቀዘ! ከዚያ ተራዘመ፣ ደግሞ ተራዘመ። እኔ እስከ ዛሬ በዚያ መድን የታከመ መምህር አላየሁም።

እናም የፋብሪካ ሰራተኛው መሃል ላይ ቀረ። ለገበሬው መድን ደመወዝተኛ ነህ ይባላል፤ የደመወዝተኛው መድን ደግሞ አልደረሰለትም። በየወሩ ለጡረታ ከእሱ 7፣ ከአሰሪው 11 በመቶ ይገባል፤ ለ60 ዓመቱ። ዛሬ ቢያመው የሚያሳክመው የአሰሪው ፈቃድ ወይም የህብረት ስምምነቱ ነው፤ እሱም ከመታወቂያ ባጁ ጋር በር ላይ ይመለሳል።

አሜሪካ ያለ ተማሪዬ ይህን ሳወራው "እኛ ጋ ኮብራ አለ ቲቸር" አለኝ። እባቡ አይደለም፤ በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ነው። ከስራ ስትወጣ የነበረህን መድን ብዙውን ጊዜ እስከ 18 ወር ይዘህ ትቆያለህ፣ ግን አሰሪህ ይከፍል የነበረውንም ድርሻ አንተው ትከፍላለህ። ደመወዝ በሌለበት ወር! እሱም ሂሳቡን አይቶ ተወው። እኛ ጋ ግን የሚቀጥል ነገር ራሱ የለም። ማድረግ የሚቻለው ወደ ማህበረሰቡ መድን መዛወር ነው።

ስለዚህ የቅነሳ ወሬ ከሰማችሁ ውሉ ሳይቋረጥ ታከሙ። በአዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሰራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ 2 ወር በግማሽ፣ የቀረው 3 ወር ያለ ክፍያ። ስራ ላይ የደረሰ ጉዳት ካለ የሕክምና ወጪው የአሰሪው ነውና ክሊራንስ ከመጨረሳችሁ በፊት በጽሑፍ ይያዝላችሁ። ቀሪ ገንዘባችሁም በ7 የስራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት።

ከዚያ ቀበሌ። መዋጮው በአብዛኛው የሚሰበሰበው ምርት ከገባ በኋላ ነው፤ ካለፈ "ለከርሞ" ትባላላችሁ። የስንብት ደብዳቤውን ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፣ ደመወዝተኛ አለመሆናችሁን የሚናገርላችሁ እሱ ነው። ከወላጅ ጋር የሚኖር ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ በተጨማሪ ክፍያ ቤተሰቡ ላይ ሊመዘገብ ይችላል። ካርዱን ስታገኙ ደግሞ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ሆስፒታል። ዘላችሁ ከሄዳችሁ ከኪሳችሁ ነው።

ብዙዎቻችሁ ቀበሌ የማትሄዱት ባለማወቅ ብቻ አይደለም። ማፈር አለበት። ተማሪዬም "ባዶ እጄን ቤት አልገባም" ብላ ነው የቆየችው። እናቷ ግን ገንዘብ አልጠየቀቻትም፤ የጠየቀቻት ለምን ቶሎ እንዳልነገረቻት ነው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ቀበሌና ጤና መድን ላይ ለምትሰሩ ተማሪዎቼ። መታወቂያው የጎረቤላ፣ ኪራዩ የደብረ ብርሃን የሆነ ልጅ፣ መሸኛ እስኪያወጣ ድረስ የት ይመዝገብ? ከተማው "ነዋሪያችን አይደለህም"፣ ቀበሌው "እዚህ አትኖርም" እያለው ነው። ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ የሚያነቡት ብዙ ናቸው።