ምጣዱን ማን ይስካልን?

ቶተንሃም ውስጥ የሐበሻ ቤት ለማግኘት አድራሻ አያስፈልግም። ቅዳሜ ጠዋት ከዌስት ግሪን ሮድ ወደ ውስጥ በሚያስገቡት መንገዶች የሚያልፍ ሰው አፍንጫው ይመራዋል። እንጀራው የሚጋገርበት ምጣድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እዚህ የተገዛ ሳይሆን በጋቢ ተጠቅልሎ፣ መንገደኛ ተለምኖ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። የዛሬው ጉዳዬ ይኸው ምጣድ ነው።

የሀገራችን የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይበላል። የእንግሊዝ ባለ ሦስት እግር ስፒና በሆዱ የያዘው ፊውዝ ግን ቢበዛ 13 አምፒር ነው፤ በ230 ቮልት ሲሰላ 3,000 ዋት ያህል ማለት ነው። ምጣዱ ከ15 አምፒር በላይ ይጠይቃልና ሒሳቡ አይገጥምም። ክፋቱ ፊውዙ ቶሎ አይበጠስም፤ ትንሽ ትርፍ ጭነት ለረጅም ጊዜ ይታገሳል። እስከዚያው ስፒናው ይግላል፣ ሶኬቱ ይጠቁራል። የተበጠሰ ዕለት ደግሞ መድኃኒት ተብሎ የሚታዘዘውን ሁላችንም እናውቃለን፤ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት። ምስማር የገባበትም አይቻለሁ።

ባለፈው ኅዳር የባለቤቴ አክስት፣ እኔም እትዬ የምላቸው፣ ስልክ ደወሉልኝ። «ወጥ ቤቱ ጎማ ጎማ ይሸተኛል» አሉኝ። ቤቱ በጽዳት ሥራ ዓመታት ለፍተው ዕዳውን የከፈሉበት የራሳቸው ቤት ነው። ስደርስ ሶኬቱ ቡናማ ሆኖ ጠበቀኝ፤ እሳቸውም በየቤቱ እየዞረ የሚሠራ አንድ የወገን ልጅ አስቀድመው ተነጋግረው ነበር። ሶኬቱን ቀይሮ፣ ማከፋፈያው ላይ ያለውን የፊውዝ ሽቦ ወፈር አድርጎ፣ በ120 ፓውንድ ሊጨርስ። ወረቀት የለ፣ ደረሰኝ የለ።

እምቢ አልኩ። ፊውዝ ዘበኛ ነው፤ ሽቦውን ማወፈር ዘበኛውን አስክሮ በር ላይ እንደ ማስተኛት ነው። የሚነደው ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ቀጭን ገመድ ይሆናል፤ ያን ደግሞ ማንም አያየውም። እትዬ ግን ተቀየሙኝ። «የወገንን ጉሮሮ ዘግተህ ፈረንጅ ልታጎርስ ነው?» አሉኝ። ቃሉ እስካሁን ይከነክነኛል፤ ሐቅ አለበትና።

ለሦስት ሰዎች ደወልኩ። የምዝገባ ቁጥሩን ስጠይቀው አንዱ ስልኩን ዘጋብኝ። ሌላው ቤቱን ሳያይ ዋጋ ተናገረ። ሦስተኛው፣ ጃማይካዊ ነው፣ ቁጥሩን ነገረኝ፤ እኔም ናፒት ለሚባለው መዝጋቢ ድርጅት ደውዬ የሰውየውን ስምና ቁጥር አመሳከርኩ። ኤን.አይ.ሲ.ኢ.አይ.ሲ የሚባል ሌላም መዝጋቢ አለ። ማመሳከሩ አምስት ደቂቃ አልፈጀም፤ ያለ እሱ መኪና ላይ የተለጠፈ ምልክት ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ምልክት ማንም ያትማል።

ሰውየው መጥቶ ደረጃው ሥር ያለውን ማከፋፈያ ከፈተ። እንጨት ላይ የተመታ የድሮ ነው፤ ሰው ሲይዘው መብራቱን በቅጽበት የሚቆርጠው ባለ 30 ሚሊ አምፒር መከላከያ የለውም። የወጥ ቤቱ የመሬት ሽቦ ደግሞ ተበጥሷል። እትዬ በእርጥብ እጃቸው ስንት ዓመት ያንን ምጣድ እንደነኩ አስቡት። ምጣዱን አገላብጦ አየና የሳተላይት ዲሽ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ፤ የፋብሪካ መግለጫ ስለሌለው መጀመሪያ አልነካም ብሎ ነበር። በኋላ በመሣሪያ ለክቶ፣ ገመዱን በሙቀት ቻይ ቀይሮ ተቀበለው። አዲስ የብረት ማከፋፈያ ሳጥን፣ ለምጣዱ ብቻ ባለ 32 አምፒር መስመር፣ ከግድግዳው ላይ የራሱ ማጥፊያ። ሁለት ቀን ፈጀ፤ 1,150 ፓውንድ ከፈልን። ውድ ነው፤ አልክድም።

ወረቀቱ ግን የገንዘቡ ግማሽ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ የቤት ኤሌክትሪክ ሥራ በሕንፃ ደንብ ሥር ነው። አዲስ መስመር ሲዘረጋ ወይም ማከፋፈያ ሲቀየር የተመዘገበ ባለሙያ ራሱ ያሳውቃል፤ ያልተመዘገበ ከሆነ ግን ሥራው ሳይጀመር ለካውንስሉ፣ እዚህ ለሃሪንጌ፣ ማመልከትና መክፈል የባለቤቱ ዕዳ ነው። ቤቱን ለመሸጥ ስትነሱ የገዢው ጠበቃ ይህንኑ ወረቀት ይጠይቃል።

ተከራይ የሆናችሁ ደግሞ አከራያችሁን ጠይቁ። በ2020 በወጣው ደንብ መሠረት የግል አከራይ ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ ቤቱን በባለሙያ አስመርምሮ የሪፖርቱን ቅጂ ለተከራዩ መስጠት አለበት። ሪፖርቱ ላይ «ሲ 1» ወይም «ሲ 2» ካያችሁ አደገኛ ነው ማለት ነውና በ28 ቀን ውስጥ፣ ሪፖርቱ ከዚያ ያነሰ ጊዜ ከሰጠም በዚያው፣ መጠገን ግዴታው ነው። አከራዩ ሐበሻ ነው ብላችሁ አትፈሩ፤ ይሉኝታ እሳት አያጠፋም።

ሰኔ 14 ቀን 2017 ግሬንፌል ታወር ሲነድ እሳቱ የተነሣው ከአንድ ማቀዝቀዣ ነበር፤ 72 ሰው አለቀ። የቤቱ ነዋሪ የሀገራችን ልጅ ነው፤ እሳት አደጋ ጠርቶ ጎረቤቶቹን ቀሰቀሰ፤ መርማሪው ጉባኤም በ2019 ሪፖርቱ ምንም ጥፋት እንደሌለበት አረጋግጧል። ምንም ያላጠፋ ሰው ቤት እንዲህ ከሆነ ብርማ ወረቀት የጠቀለለው ቤትስ?

ወደ እትዬ ቃል ልመለስ። ተግባረ ዕድ ተምረው፣ መብራት ኃይል ሠርተው እዚህ ሚኒካብ የሚነዱ ወንድሞች አሉን። ሙያቸውን የሚጠራጠር የለም፤ የጎደላቸው የዚህ ሀገር ወረቀት ነው። የሽቦ ቀለሙ እንኳ ሌላ ነው፤ በድሮ ቤት ቀይና ጥቁር፣ ከ2006 ወዲህ ቡናማና ሰማያዊ። ልምድ ላለው ሠራተኛ ከዜሮ ሳይጀምር የሚመዘንበት መንገድ አለ፤ የደንቡን ፈተና፣ የሥራ ማስረጃና የተግባር ምዘና ይጠይቃል። ገንዘቡ ከበዳቸው እንጂ ጭንቅላቱ አልከበዳቸውም። በዕቁባችን ሠርግ ስንደግስ ለአንድ ኤሌክትሪሺያን ፈተና መክፈል ለምን እንዳቃተን አይገባኝም።

ያ የ120 ፓውንዱ ልጅ ወር ሙሉ ሰላምታ ነሣኝ። ባለፈው ሳምንት ካፌ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠና ፈተናው የት እንደሚሰጥ ጠየቀኝ፤ ስልኩን ጽፌ ሰጠሁት። የተመዘገቡ የሐበሻ ኤሌክትሪሺያኖች እኔ የማውቃቸው ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሌላ የምታውቁ ለዝግጅት ክፍሉ ጻፉልን፤ ቁጥራቸውን ግን መጀመሪያ አመሳክሩ።