ወደ በረዶ ባሕር የሚወርደው ሌና

የእስያን ካርታ ሰቅዬ «ሌና ወዴት ይፈሳል?» ብዬ ብጠይቅ አንድ ተማሪ ጣቱን ከላይ ወደ ታች፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ አወረደ። ውሃ ሽቅብ አይሄድም ብሎ ነው። በካርታ ላይ የላይኛው ወገን ሰሜን እንጂ ዳገት አለመሆኑን ከትምህርት ቤት የወጣም ሰው ይዘነጋዋል። ሌና በሳይቤሪያ፣ ከባይካል ሐይቅ በስተ ምዕራብ ካሉት ተራሮች ተነሥቶ 4,400 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በስተ ሰሜን ላፕቴቭ ከሚባለው ባሕር ይገባል። የወንዙ ጠባይም የአገሬው ሥጋትም የሚመጣው ከዚሁ አካሄዱ ነው።

በሚያዝያ ደቡቡ ሞቅ ሲል በላይኛው ወንዝ ያለው በረዶ ይሰበራል። የታችኛው ግን ገና እንደ ተከደነ ነው። ከላይ የመጣው ውሃ የበረዶ ቋጥኝ እየገፋ ይወርድና ካልቀለጠው ሲደርስ ይቆለላል፤ ግድብ ይሆናል፤ ውሃውም ወደ ኋላ ተመልሶ መንደሩን ይውጣል። የእኛ ዓባይ የሚሞላው ዝናብ ሲበዛ ነው፤ ሌና ግን ሰማይ ጠርቶ ፀሐይ ስትሞቅ ያስፈራል። እ.ኤ.አ. በ2001 በግንቦት ወር ሌንስክ የምትባለውን ከተማ አጥለቀለቃት፤ ብዙ ሺህ ሰውም ቤት አልባ ሆነ። ግግሩን ለመሰባበር የጦር አውሮፕላኖች ቦምብ እስከ መጣል ደርሰው ነበር።

መሬቱስ? እ.ኤ.አ. በ1828 በያኩትስክ ከተማ ሸርጊን የሚባል ነጋዴ ውሃ አገኛለሁ ብሎ ጉድጓድ ማስቆፈር ጀመረ። እስከ 1837 ድረስ 116 ሜትር ያህል ተቆፈረ፤ አፈሩ ግን እስከ መጨረሻው እንደ ድንጋይ የረጋ በረዶ ነበር። ሰውዬው ውሃ አላገኘም፤ ጉድጓዱ ግን ለሊቃውንት የበረዶው ምድር ምን ያህል ጥልቅ እንደ ሆነ መለኪያ ሆነላቸው። የዚያ ከተማ ትልልቅ ቤቶች ሙቀታቸው ምድሩን እንዳያቀልጠው በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ ይቆማሉ። ዛሬ የዓለም አየር እየሞቀ በመሄዱ ያ ምድር እየላላ፣ ግድግዳም እየተሰነጠቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1799 አንድ አዳኝ በወንዙ አፍ አጠገብ ከሥጋው ከጠጕሩ የነበረ ማሞት ከበረዶ ውስጥ አገኘ፤ አፅሙ አሁንም በፒተርስበርግ ቤተ መዘክር ይታያል።

ወንዙ ወደ ባሕሩ ሲቃረብ ብዙ ቦታ ተከፋፍሎ 30,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የደሴትና የረግረግ አገር ይፈጥራል። በዚያ ዛፍ የለም ለማለት ይቻላል። የበጋው ዕድሜ አጭር ነው፤ ነገር ግን ፀሐይ ለሳምንታት ስለማትጠልቅ ሣሩም ትንኙም በአንድ ጊዜ ይፈላል። ትንኙ ለሰው መከራ፣ ለወፍ ግን ማዕድ ነው። የዱር ዝይና ዳክዬ፣ ከሁሉም ይልቅ ቁጥር የሌላቸው ትናንሽ የውሃ ዳር ወፎች ከሩቅ አገር መጥተው ይፈለፍላሉ። የበረዶው አገር አጋዘንም ከጫካው ወጥቶ በመንጋ ይግጣል።

ከእነዚያ ወፎች ስቲንት የሚባለው፣ ከድንቢጥ የማይበልጠው፣ ቡናማ ጀርባና ነጭ ሆድ ያለው ወፍ፣ በእኛም አገር በዝዋይና በአብያታ ዳር በጭቃው ላይ ሲሯሯጥ የሚታይ ነው። ከሰሜን የሚመጣው በነሐሴና በመስከረም ሲሆን፣ ጥቅምት ሳይጋመስ የሌና አፍ እንደ ገና በበረዶ ይዘጋል።