ከተማውን የሠራው ማነው?



የልጅ ልጄ ባት ሚጽቫዋ ደርሷልና ከትምህርት ቤት የሾራሺም ሥራ ታዘዘች። «ሳባ፣ የመጣህበትን ከተማ አሳየኝ» አለችኝ። የጎንደር ፒያሳን ፎቶ አወጣሁላት። ትንሽ አየችና «ይሄ እኮ ቴል አቪቭ ነው!» ብላ ሳቀች።

ብዙም አልተሳሳተች። የቴል አቪቭ ነጫጭ ቤቶችም የጎንደር ፒያሳም የ1930ዎቹ ሥራ ናቸው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)። ፒያሳን ከነሲኒማ ቤቱ፣ ከነፖስታ ቤቱ የሠራው ከ1936 እስከ 1941 ጎንደርን ይዞ የነበረው ጣሊያን ነው።

«ታዲያ ጥሩ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው?» አለች። መልሱ ቶሎ አልመጣልኝም።

ትዝ ያለኝ የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ ነው። መጽሐፉ በ1983 ወጥቶ ብዙ ሳይቆይ ታገደ። እኔ ያነበብኩት አዲስ አበባ ሆነን ጉዞ ስንጠብቅ፣ ከሰው ተውሼ፣ ተደብቄ ነው። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ይሄዳል፤ እጮኛው አዲስ አበባ እያለች ፊያሜታ የምትባል ልጅ ይወዳል። እኔም አብሬው አሥመራን ወደድኳት። እንዲያ ያማረች ከተማ፣ ዙሪያዋ ግን ጦርነት። ኦሮማይ የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ አበቃ፣ አለቀ እንደ ማለት። ደራሲውም በ1984 ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ።

ያኔ ልብ ያላልኩት ነገር አለ። የአሥመራ ትልቁ ጎዳና ኮምቢሽታቶ ይባላል። ቃሉ በጣሊያንኛ የታጠረ ቦታ ማለት ነው። ውስጡ የነጮች ነበር፤ አገሬው ሰፈሩ አባ ሻውል ነው። የኔም አባት በልጅነቱ ለጎንደር ፒያሳ ድንጋይ ተሸክሟል። «ሠራነው፣ ቡና ግን አልጠጣንበትም» ይል ነበር።

ይህን ሁሉ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «አሽዶድስ የኛ ናት?» አለችኝ።

አሽዶድም በ1956 የተመሠረተች፣ በፕላን የተሠራች ከተማ ናት፤ ሰፈሮቿ እንኳ ሮቫ አሌፍ፣ ሮቫ ቤት እየተባሉ በፊደል ነው የሚጠሩት። እኔም እዚህ ሕንፃ ላይ ስሚንቶ ተሸክሜያለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ከባሕሩ ዳር ተቀምጬ ቡናዬን እጠጣለሁ። አጥር የለባትም ልላት ፈለግሁ። ግን እናቷ ትዝ አለችኝ፤ ለሥራ በስልክ ነይ ብለዋት መልኳን ሲያዩ ቦታው ተይዟል ያሏት።

«የኛ ናት» አልኳት። «አንዳንድ ቦታ አጥር ያጋጥምሻል። ሲያጋጥምሽ ዝም እንዳትዪ።»

ከፎቶው ሥር በዕብራይስጥ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ይህን ከሠሩት አንዱ የሳባ አባት ነው።»

ወላጆችና ሽማግሌዎች፣ እናንተስ የጎንደርን ፒያሳ ማን ሠራው ሲባል ከቤተሰባችሁ ምን ሰምታችኋል? ለልጆቹ ንገሯቸው፤ እኔ እስኪጠይቁኝ ጠብቄ ነው።