መዝገብ አልባው ቡድን

ውሎዬ ከባንክ መስኮት ጀርባ ነውና፣ መዝገብ የሌለው ነገር ያሳስበኛል። የእንግሊዙ ቴዲንግተን የሆኪ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1871 ተመሠረተ፤ ዱላ ከትከሻ በላይ እንዳይነሣ የደነገገው ሕጉ ዛሬም ይነገርለታል።

የእኛው የገና ጨዋታ ግን በቃል ይኖራል። በልደት ዕለት ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ሜዳ ይወርዳሉ፤ ቆልማማው ዱላ ሩሯን ያሳድዳል፤ ቅልጥሙን የተመታ ጌታ እንኳ በሎሌው እንዳይቆጣ ብሂሉ ያዝዘዋል። ሲመሽ ቡድኑ ይበተናል፤ የአሸናፊዎቹም ስም ከሽማግሎች ጋር ይቀበራል።

አባቴ በልጅነቱ አብረውት የተሰለፉትን የላይ ሰፈር ልጆች ነግሮኝ ጽፌአለሁ፤ 14 ናቸው። የታች ሰፈሮቹን የሚያስታውስ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ውድ አንባብያን ሆይ፣ በሰፈራችሁ ገና የተጫወቱ አዛውንት ካሉ ዘንድሮ ሳያልፍ ጠይቋቸው፤ የተጋጣሚዎቻቸውንም ስም አትርሱ።