ሁለት ዙር ብቻ፦ መሐመድ አማንና የ800 ሜትር ሩጫ

መሐመድ አማን በ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። የተወለደው ጥር 10 ቀን 1994 በአሰላ ነው (እዚህ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አርሲ ኃይሌ ገብረሥላሴንና ቀነኒሳ በቀለን ያፈራ ምድር ነው። ከዚያ የሚወጣ ልጅ ለ10,000 ሜትር ይታጫል እንጂ በሁለት ዙር ለሚያልቅ ውድድር ብዙም አይታሰብም።

ምክንያቱ ሯጮች ከሚሠለጥኑባቸው፣ አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች መልክዓ ምድር ይነበባል። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ሆለታና ሰበታም ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው። በማለዳ ሯጮች በቡድን ሆነው በሜዳው፣ በዳገቱና በአስፋልቱ ጠርዝ ሲያልፉ ማየት በዚህ አካባቢ የተለመደ ነው። ስስ አየር የደምን ኦክስጅን የመሸከም አቅም ያሳድጋል፤ ለማራቶን ሯጭ ከዚህ የተሻለ ስንቅ የለም። 800 ሜትር ግን ሌላ ነገርም ይጠይቃል። ሯጩ ከሚያወጣው ጉልበት ሲሶ ያህሉ በቂ ኦክስጅን ሳይኖር የሚመነጭ ስለሆነ፣ የመጨረሻዎቹ 150 ሜትሮች ላይ እግር ድንጋይ ይሆናል። ያንን ለመቋቋም በትራክ ላይ አጫጭርና እጅግ ፈጣን ሩጫዎችን ደጋግሞ መሥራት ያስፈልጋል። ሜዳና ዳገት በሞላበት አገር ደግሞ ብርቁ ነገር ትራክ ነው፤ ቀነኒሳ በሱሉልታ ያሠራው ትራክ ዋጋው ትልቅ የሆነውም ለዚህ ነው። ቀደምቱ ኢትዮጵያዊ ሯጭ ማሞ ወልዴ እንኳ በ1956 በሜልቦርን ኦሎምፒክ 800 እና 1,500 ሜትር ሮጦ ነበር፤ ሜዳሊያ ያገኘው ግን ከ12 ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ በ10,000 ሜትርና በማራቶን ነው።

መሐመድ በ2010 በሲንጋፖር የወጣቶች ኦሎምፒክ በ1,000 ሜትር ብር አገኘ። በ2011 ዴጉ ላይ በ17 ዓመቱ ከአዋቂዎች ጋር ለዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ደርሶ ስምንተኛ ወጣ። ስሙ የገነነው ግን ከዚያ በኋላ በመስከረም ሚላን ላይ ነው። የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ኬንያዊው ዴቪድ ሩዲሻ ተከታታይ 34 የፍጻሜ ውድድሮችን አሸንፎ ነበር፤ ያንን ሰንሰለት የበጠሰው ይህ የአሰላ ልጅ ነው። በመጋቢት 2012 ደግሞ በ18 ዓመቱ ኢስታንቡል ላይ የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮን ሆነ።

የለንደን ኦሎምፒክ ፍጻሜ በርቀቱ ታሪክ ከታዩት ሁሉ ፈጣኑ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሩዲሻ ከመነሻው እስከ መድረሻው እየመራ በ1:40.91 ክብረ ወሰኑን ሰበረ። በ1:43.77 መጨረሻ የወጣው ሯጭ እንኳ በዚያ ሰዓት በሲድኒ፣ በአቴንስም ሆነ በቤጂንግ ወርቅ ይወስድ ነበር። መሐመድ በ1:43.20 ስድስተኛ ሆነ። ወሩ ሳያልቅ ሁለቱ ዙሪክ ላይ ተገናኙ፤ በዚያ መሐመድ በ1:42.53 ሩዲሻን ለሁለተኛ ጊዜ ቀደመው።

ሁለቱ የሚሮጡት በተቃራኒ መንገድ ነበር። ሩዲሻ ከፊት ሆኖ ሁሉንም ያደክማል፤ መሐመድ ግን ጉልበቱን ቆጥቦ፣ ከሌሎች ጀርባ ተጠግቶ፣ ቀጥታው ላይ ያፈተልካል። በነሐሴ 2013 ሞስኮ ላይ የታየው ይኸው ነው። ሩዲሻ በጉልበት ጉዳት ምክንያት አልነበረም። የመጀመሪያውን ዙር አሜሪካዊው ዱዌን ሰለሞን በፍጥነት መራ፤ በሁለተኛው ሌላው አሜሪካዊ ኒክ ሲመንድስ መሪነቱን ያዘ። መሐመድ የመጨረሻው ቀጥታ እስኪመጣ ታገሠ፤ ከዚያ ሲመንድስን አልፎ በ1:43.31 ገባ። ልዩነቱ 0.24 ሰከንድ ብቻ ነበር። ሩዲሻ ስላልነበረ ወርቁን የሚያቃልሉ አሉ፤ ሚላንንና ዙሪክን የሚያስታውስ ሰው ግን ይህን አይልም። በ19 ዓመት እንዲህ መታገሥ ከፍጥነትም በላይ ብርቅ ችሎታ ነው።

በቀጣዩ ወር ብራስልስ ላይ 1:42.37 ሮጦ የራሱን የኢትዮጵያ ክብረ ወሰን አሻሻለ። በመጋቢት 2014 ፖላንድ ሶፖት ላይ የቤት ውስጥ ሻምፒዮንነቱን አስጠበቀ። በዚህ ጊዜ ገና 20 ዓመቱ ነበር። በ2015 ቤጂንግ ላይ የዓለም ሻምፒዮንነቱን ለማስጠበቅ ቢሰለፍም ግማሽ ፍጻሜ ላይ ሌሎችን አደናቅፈሃል ተብሎ ውጤቱ ተሰረዘ፤ እንደ ሞስኮው ያለ ድል ከዚያ በኋላ አልተደገመም። በ800 ሜትር የተቀናቃኞች ብዛት፣ የጉዳት ስጋትና የግፊያው ብርታት የአንድን ሯጭ የከፍታ ዘመን ያሳጥራሉ፤ የእሱም ዘመን ከ17 እስከ 20 ዓመቱ ነበር።

ኢትዮጵያ በዚህ ርቀት እንደገና የዓለም ወርቅ ያገኘችው ሶፖት ካለፈ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2024 ግላስጎው ላይ በተካሄደው የቤት ውስጥ ሻምፒዮና ነው። ያሸነፈችው ቀደም ሲል በ400 ሜትር ትወዳደር የነበረችው ጽጌ ዱጉማ ናት። በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ በ1:57.15 ሁለተኛ ስትወጣ፣ ያጠለቀችው ብር ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ 800 ሜትር ያገኘችው የመጀመሪያው ሜዳሊያ ሆነ።